የቀድሞ ላውንደሪ ወለል ሥር፦ የአፈር ጋዝ ምርመራ ማስታወሻ

ቅድመ ሥራ፦ ወረቀትና ሰው

ሕንፃው ፎቅ የሌለው ረጅም የንግድ ቤት ነው። ሱቆቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። መሃል ያለው ክፍል ዛሬ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ነው። ቀድሞ ግን ለብዙ ዓመታት ላውንደሪ ነበር፤ ልብስ በውሃ ሳይሆን በኬሚካል የሚያጥብ። ባለቤቱ ሊሸጡት ነው። የገዢው አበዳሪ ደግሞ የመሬቱ ሁኔታ ሳይታወቅ ገንዘብ አልለቅም ብሏል።

ከዚህ በፊት የተሠራ ሪፖርት አለ። የግቢው አፈር ተቆፍሮ ተመርምሯል፤ "ብክለት አልተገኘም" ይላል። ቁፋሮው በሙሉ ከቤቱ ውጭ ነው። ከወለሉ ሥር አንድም ነጥብ አልተነካም። ስለ ግቢው ይናገራል እንጂ ሰው ውሎ ስለሚያድርበት አየር ምንም አይልም።

የምንፈልገው ኬሚካል ቴትራክሎሮኤትሊን ነው። በሙያው ፒሲኢ ወይም ፐርክ ይሉታል። ቅባት አስለቃቂነቱ ጥሩ ስለሆነ ላውንደሪዎች ለአሥርት ዓመታት ተጠቅመውበታል። ከውሃ 1.6 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከፈሰሰ ይሰምጣል፣ የከርሰ ምድር ውሃም አያቆመውም። ኮንክሪትንም ቀስ እያለ ያልፋል። ከዚያ አፈር ውስጥ ሆኖ ይተናል። ጋዙ በአፈሩ ክፍተቶች እየተጓዘ በወለሉ ስንጥቅ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፒሲኢን ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ በሆነው ምድብ 2ኤ ውስጥ፣ ዘመዱን ትራይክሎሮኤትሊንን (ቲሲኢ) ደግሞ ካንሰር አምጪነቱ በተረጋገጠው ምድብ 1 ውስጥ አስቀምጧቸዋል።

ጋዙን የምንለካው ለዚህ ነው። አንድ እፍኝ አፈር የሚናገረው ስለዚያች ቦታ ብቻ ነው፤ ሲቆፈርና ሲገለበጥም ኬሚካሉ ይተናል። ጋዝ ግን ከዙሪያው ተሰብስቦ ይመጣል።

ላውንደሪው ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት አፈላልገን አገኘን። "ጋሼ፣ ማሽኑ የት ጋ ነበር?" አልኳቸው። "ማሽኑማ እዚህ ጥግ ነበር ልጄ። ውሃው ግን በባልዲ እየተቀዳ እዚያ ነበር የሚደፋው" አሉና ወደ ኋላ ክፍሉ የወለል ፍሳሽ ማስወገጃ ጠቆሙን።

ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የነጥቦቹን ካርታ ቀየረችው። የላውንደሪ ማሽን ኬሚካሉን ከውሃ የሚለይ ሴፓሬተር አለው። የተለየው ውሃ ንጹህ ይመስላል። ግን ፒሲኢ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም ገደማ ይሟሟል። ያ ውሃ ለዓመታት በፍሳሽ መስመሩ ሄዷል ማለት ነው። መስመሩ ደግሞ በጎረቤቱ ቢሮ ሥር አልፎ ነው ወደ ማንሆሉ የሚደርሰው። በመጀመሪያው ዕቅድ ነጥቦቹ በሙሉ በማሽኑ ቦታ ዙሪያ ነበሩ። ግማሾቹን ወደ መስመሩ አዞርናቸው።

ዕቃ

ለወለል ሥር ነጥቦች ቫፖር ፒን መረጥን። ጎማ የለበሰች አጭር የብረት ቱቦ ናት፤ 16 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ በመዶሻ ትገባለች። ከላይ 38 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ከተሠራላት ክዳኗ ከወለሉ እኩል ይሆናል፣ ሰውም አያደናቅፍም። ሥራው ሲያልቅ ትነቀላለች፣ ታጥባ ሌላ ቦታ ታገለግላለች።

ለቱቦ ናይሎን ወይም ቴፍሎን። የተለመደው ፖሊኤትሊን ርካሽ ቢሆንም ኬሚካሉን ራሱ ይውጠዋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ማሸጊያ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲሊኮን፣ ማስቲሽ፣ ስፕሬይ ቀለም አይፈቀድም፤ ሁሉም የራሳቸውን ትነት ያወጣሉ። ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ)፣ ንጹህ ሲሚንቶ ወይም የንብ ሰም ይበቃል። ማርከር እስክሪብቶ እንኳን ናሙና ከሚወሰድበት ቦታ ይራቅ። መኪናውን ነዳጅ የሞላ ሰው በዚያው እጁ ፊቲንግ (የቱቦ መገጣጠሚያ) አይነካም።

ናሙናው የሚገባው ካኒስተር ውስጥ ነው። ውስጡ የተለበጠ የማይዝግ ብረት ዕቃ ነው፤ ላብራቶሪው አየሩን መጥጦ ባዶ አድርጎ ይልከዋል። ቫልቩ ሲከፈት ራሱ ይስባል፣ ፓምፕ አያስፈልገውም። ፍሰቱን የሚገታ ፍሎው ኮንትሮለር ከፊቱ ይታሰራል። ለአፈር ጋዝ ከ200 ሚሊሊትር በደቂቃ በታች መሆን አለበት። ከዚያ ከፈጠነ ከላይ ያለውን አየር እየጎተተ ይመጣል።

ካኒስተሮቹ ሲደርሱ ረዳቴ ደነገጠ። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 30 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ማሳየት ሲገባው ከ24 በታች ነበር። ችግር አልነበረበትም። ጌጁ የሚለካው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 23.5 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ ፍጹም ባዶ የሆነ ዕቃም ከዚያ በላይ ሊያሳይ አይችልም። ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ካላወቀ ደህና ካኒስተሮችን "ተበላሽተዋል" ብሎ ይመልሳል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ ላብራቶሪም የመጨረሻውን ንባብ ሲያይ ግራ እንዳይጋባ ከፍታውን ርክክብ ቅጹ ላይ ጻፍነው።

ወለሉን መብሳት

ከመብሳት በፊት የኤሌክትሪክ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሮችን ማወቅ ግዴታ ነው። ወለሉን በራዳር ቃኘነው። የፌሮው አቀማመጥ ግልጽ ሆኖ ወጣ። የተወጠረ የብረት ገመድ ያለበት ወለል ቢሆን ኖሮ ያለ ስካን ድሪል ማስገባት ለሕይወት ያሰጋል።

ሀመር ድሪሉ ራሱ ፈጣን ነው። ጊዜ የሚበላው አቧራው ነው። የኮንክሪት አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ጥሩ ማስክና ሄፓ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ያስፈልጋል። የቀዳዳው ግድግዳ በደንብ ካልጸዳም የፒኑ ጎማ አይይዝም። በብሩሽ፣ ከዚያ በቫኪዩም፣ እንደገና በብሩሽ። ቫኪዩሙን ግን ቀዳዳው ላይ ማቆየት አይገባም፤ የምንለካውን ጋዝ መጥጦ ይወስደዋል።

ከኮንክሪቱ ሥር ጠጠር አገኘን። ጥሩ ዜና ነው። በጠጠር ውስጥ ጋዝ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ናሙና ለመውሰድ ይመቻል፣ ኋላ በፋን መሳብ ቢያስፈልግም ይረዳል። ለጋዙም መንገድ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

ከመብሳቱ በኋላ ፒኖቹን ዘግተን ተውናቸው፤ የተረበሸው ጋዝ ወደ ቦታው እስኪመለስ።

ሊክ ቴስት

ሊክ ቴስት መስመሩ የውጭ አየር ማስገባት አለማስገባቱን የሚያይ ፈተና ነው። ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነውና። ፊቲንግ ሲያፈስ ንጹህ የክፍል አየር ይገባና ናሙናውን ያቀጥነዋል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ወደ "ንጹህ ነው" ያዘነብላል። ማንም አይጠራጠርም፤ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ሻጭና ገዢ ይፈራረማሉ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ግን መተንፈሳቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሊክ ቴስቱ ያልተመዘገበበትን የአፈር ጋዝ ውጤት፣ በተለይ "አልተገኘም" የሚለውን፣ አላምንም።

ፈተናው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቱቦውንና ፊቲንጎቹን ይፈትሻል። ፒኑ ጋ ያለው ቫልቭ ይዘጋና መስመሩ በሲሪንጅ ወይም በትንሽ ፓምፕ ይሳባል፤ 100 ኢንች የውሃ ቫኪዩም ገደማ። ጌጁ ለአንድ ደቂቃ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከመስመሮቹ አንዱ ቀስ እያለ ወረደ። መያዣ ቀለበቱ ከዚህ በፊት ተደጋግሞ የታሰረ ነበር። ቀየርነውና በደንቡ አሰርነው፦ አዲስ ባለ ሩብ ኢንች ፊቲንግ በጣት እስኪጠብቅ፣ ከዚያ በቁልፍ አንድ ዙር ከሩብ። ከዚያ ወዲያ ማጥበቅ ቀለበቱን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ፈተና ፒኑ ከወለሉ ጋር የተገናኘበትን ቦታ ያያል። ፒኑ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ደፍተን ውስጡን በሂሊየም እንሞላለን። ከዚያ ከፒኑ ጋዝ እየሳብን በሂሊየም መለኪያ እናያለን። ሽፋኑ ውስጥ 20 በመቶ ሂሊየም ካለ፣ ከፒኑ የሚወጣው ከ1 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ማለትም ከሽፋኑ 5 በመቶ በታች። ሂሊየሙ የላብራቶሪ ደረጃ ይሁን። ለፊኛ የሚሸጠው ሌላ ትነት ሊኖረው ይችላል። አንዳንዶች በሂሊየም ፈንታ አልኮል የነከረ ጨርቅ ይጠቀማሉ። ርካሽ ነው፤ ትንሽ ካፈሰሰ ግን አልኮሉ ናሙናው ውስጥ ገብቶ የላብራቶሪውን መሣሪያ ያጥለቀልቀዋል፣ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይጠፋሉ።

የማሽኑ ቦታ ላይ ያለው ነጥብ ወደቀ። የቱቦ ፈተናውን አልፏል፣ ፒኑ ዙሪያ ውሃ ስናቆርም አልሰረገም፣ ሂሊየሙ ግን ከሽፋኑ አሥር በመቶ በላይ ሆኖ ይመጣል። ፒኑን ነቅለን ጎማውን ቀየርን። ለውጥ የለም። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ስንጠርገው ምክንያቱ ታየ። ኮንክሪት ሲደርቅ ስንጥቆች ውሃ ይዘው ይቆያሉ፤ ከፒኑ አንድ ስንዝር ርቆ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ጠቁሮ ወጣ። ሂሊየሙ በፒኑ በኩል አይደለም የሚገባው። በስንጥቁ ወርዶ፣ በጠጠሩ ዞሮ ነው የሚመጣው።

ስንጥቁን ማሸግ አንድ አማራጭ ነበር። ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ፒኑን ከስንጥቁ አርቀን አዲስ ቀዳዳ በሳን፤ አሮጌውን በሲሚንቶ ደፈንን። አዲሱ ነጥብ በቀላሉ አለፈ። በፒአይዲ (ትነትን በልዩ መብራት የሚለይ የእጅ መለኪያ) ስናየውም ንባቡ ከመጀመሪያው ቀዳዳ በግልጽ ከፍ ብሏል። ያው ክፍል፣ ያው አፈር ነው። በመጀመሪያው ቀዳዳ ናሙና ወስደን ቢሆን ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰፍር ነበር። ስንጥቁም ለራሱ መረጃ ነው፤ አየር ወደ ታች ከወረደበት ጋዝም ይወጣበታል። ካርታው ላይ አሰፈርነው።

ፍሳሽ መስመሩ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ሂሊየም ገና ሳንከፍት መለኪያው "ሂሊየም አለ" አለ። ይህ ዓይነት መለኪያ የጋዝን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ነው የሚያየው፤ ሜቴንም ያታልለዋል። በሜቴን መለኪያ ስናረጋግጥ እውነትም ሜቴን ነበር፤ ከፍሳሹ የመጣ። ፍንዳታ ከሚያስከትለው 5 በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ እዚያ ክፍል ውስጥ ድሪል ከመነሣቱ በፊት መለካት ደንብ ሆነ። ለሊክ ቴስቱ የመነሻውን ንባብ መዝግበን ቀነስነው። በዚያውም ሜቴኑ ፍንጭ ሰጠን፦ መስመሩ ያፈሳል።

ናሙና መውሰድ

የቱቦውን አሮጌ አየር ማስወጣት ያስፈልጋል፤ የመስመሩን ይዘት ሦስት እጥፍ ያህል። ባለ ሩብ ኢንች ቱቦ በሜትር 18 ሚሊሊትር ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ለወለል ሥር ነጥብ አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ይበቃል። ብዙ ማውጣት ጥሩ አይደለም፤ ከሩቅ ቦታ ጋዝ ይጎትታል።

ባለ አንድ ሊትሩ ካኒስተር በስድስት ደቂቃ አካባቢ ይሞላል። ጌጁ 5 ኢንች ሜርኩሪ ሲደርስ ቫልቩን ዘጋን። ሙሉ በሙሉ እስኪሞላ አይጠበቅም። የቀረው ቫኪዩም ምስክር ነው፦ ላብራቶሪው ሲቀበለው ዜሮ ሆኖ ካገኘው ዕቃው በመንገድ አፍስሷል ማለት ነው። አንድ ፍሎው ኮንትሮለር ተደፍኖ መርፌው አልንቀሳቀስ አለ። ትርፍ መያዛችን ጠቀመን።

በአንዱ ነጥብ ሁለት ካኒስተር በቲ ፊቲንግ አንድ ላይ ሞላን። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ሥራው ውስጥ ችግር አለ ማለት ነው። አንድ ናሙናም ከውጭ አየር።

ፒአይዲን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት መብራቱ ፒሲኢን፣ ቲሲኢንና ቤንዚንን ያያል። ክሎሮፎርምንና ካርቦን ቴትራክሎራይድን አያይም፤ ጉልበቱ አይደርስባቸውም። ስለዚህ "ፒአይዲው ዜሮ ነው" ማለት "አፈሩ ንጹህ ነው" ማለት አይደለም። እርጥበትም ያሳስተዋል። የት እንደምንበሳ ለመምረጥ ጥሩ ነው፤ ለውሳኔ ግን ላብራቶሪ ነው።

የውጭ ነጥቦች

እነዚህ አስቸገሩን። ጥልቀቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲሆን ይመከራል፤ ጥልቀቱ ከዚያ ካነሰ የውጭ አየር ይደባለቃል። በእጅ አውገር (የአፈር መሰርሰሪያ) ቆፍረን፣ ጫፉን አሸዋ ውስጥ ቀብረን፣ ከላይ ደረቅ ቤንቶናይት፣ ከዚያ በውሃ የራሰ ቤንቶናይት ሞላን። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁለት ቀን ያህል መቆየት አለበት።

በዚያው መሃል ዝናብ ጣለ። 13 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ከጣለ በኋላ አምስት ቀን መጠበቅ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ውሃው የአፈሩን ክፍተት ይሞላና ጋዙን ይገፋዋል። ባለቤቱ ቸኩለዋል። ቢሆንም ጠበቅን።

ማንሆሉ አጠገብ ያለው ነጥብ ያኔም ምንም አልሰጥ አለ። ሸክላ አፈር ነው። ሲሪንጁ ሲሳብ መልሶ ይጎተታል፤ ቫኪዩሙ ከ100 ኢንች የውሃ ያልፋል። እንዲህ ካለ ቦታ በግድ ናሙና መሳብ ሊኩን መጋበዝ ነው። ፍሰቱን ቀነስን፣ ቆም እያልን ሞከርን፣ አልሆነም። ወደ መስመሩ ተጠግተን ሌላ ቆፈርን። ቧንቧ ሲቀበር ዙሪያው በአሸዋ ይሞላል፤ ያ አሸዋ ለጋዝ ክፍት መንገድ ነው። እዚያ ፍሰቱ ወዲያው መጣ። አቆፋፈሩ ግን ጭንቀት ነበረው፤ ቧንቧውን ላለመምታት የመጨረሻውን ክፍል በእጅ፣ በቀስታ።

ወጪ

ትልቁ ወጪ ላብራቶሪው ነው፤ በናሙና ነው የሚከፈለው። የተቀረው፦ የመለኪያዎች ኪራይ፣ የራዳር ስካን፣ ፒኖቹ፣ ቱቦው፣ ሂሊየሙ፣ የካኒስተር ማጓጓዣ። ውጤት በቶሎ ከተፈለገ ተጨማሪ ይጠየቃል፤ እኛ አልጠየቅንም፣ ምክንያቱም የሚያስቸኩል ነገር ከተገኘ ላብራቶሪው ቀድሞ እንዲደውል ተስማምተናል።

ቁጠባ የተገኘው ካኒስተር አመራረጥ ላይ ነው። ካኒስተሮች በቡድን ወይም በነጠላ ንጽህናቸው ይረጋገጣል፤ በነጠላው ይወደዳል። ለአፈር ጋዝ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል የቡድኑ ይበቃል። ለቤት ውስጥ አየር ግን በነጠላ የተረጋገጠውን ያዙ፤ እዚያ የምንፈልጋቸው ቁጥሮች በጣም ትንንሽ ናቸው። ሌላው ቁጠባ በፒአይዲ አስቀድሞ መለየት ነው። ሊክ ቴስት ላይ መቆጠብ ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ውጤቱ

ላብራቶሪው የሠራው በካኒስተር የተያዘ አየር በሚመረመርበት ቲኦ-15 በተባለ ዘዴ ነው። ሪፖርቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት አሃዱን ነው። አንዱ ገጽ በፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ እጅ)፣ ሌላው በማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር ነበር። ለፒሲኢ 1 ፒፒቢ ማለት 6.8 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ብክለቱን በሰባት እጥፍ ይስታል።

ከዚያ ማነጻጸር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከወለል ሥር ካለው ጋዝ 3 በመቶው ወደ ክፍሉ ይገባል ብሎ ማስላትን ይመክራል፤ ሆን ተብሎ ጥንቃቄ የበዛበት ግምት ነው። በዚያው ኤጀንሲ ስሌት ለሥራ ቦታ አየር የፒሲኢ መነሻ ገደብ፣ በሚሊዮን አንድ የካንሰር ስጋት ከተያዘ፣ 47 ማይክሮግራም ነው። ለ0.03 ሲካፈል ከወለል ሥር 1,570 ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ "አደጋ አለ" ማለት ሳይሆን "ቀጥል፣ መርምር" ማለት ነው።

የማሽኑ ቦታ ከገደቡ አልፏል። ይህን ጠብቀን ነበር። ከፍተኛው ቁጥር ግን የመጣው በጎረቤቱ የሒሳብ ሠራተኞች ቢሮ ሥር፣ ፍሳሽ መስመሩ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ከገደቡ ከአሥር እጥፍ በላይ። የአዛውንቱ ቃል ትክክል ነበር። ትንሽ ቲሲኢም ወጥቷል፤ ፒሲኢ ኦክስጅን በሌለበት አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ሲበሰብስ የሚፈጠር ነው። ቲሲኢ በዝቅተኛ መጠንም ቢሆን ለፅንስ ልብ ያሰጋል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቦታ ከሆነ ጊዜ አይሰጠውም። ቢሮው ውስጥ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች አሉ። ባለቤቱን በዚያው ቀን አነጋገርኳቸው። "ለተከራዮቹ መንገር አለብን" ስላቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ "እኔው እነግራቸዋለሁ" አሉ፣ ነገሩም። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

የቤት ውስጥ አየር

የአፈሩ ቁጥር ብቻውን ሰዎቹ ምን እንደሚተነፍሱ አይናገርም። ባለ 6 ሊትር ካኒስተሮች በሁለቱ ክፍሎች በሰው መተንፈሻ ቁመት ላይ አቆምን፤ በስምንት ሰዓት ቀስ ብለው የሚሞሉ፣ በደቂቃ 11 ሚሊሊትር ገደማ።

ከዚያ በፊት ክፍሎቹን መፈተሽ ነበረብን። በዚያው መስመር ካሉት ሱቆች አንዱ በሆነው የመኪና መለዋወጫ መሸጫ መጋዘን ውስጥ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አገኘን፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፒሲኢ ራሱ ናቸው። ኬሚካል እጥበት ቤት የታጠበ ኮትም ፒሲኢ ይዞ ይመጣል። ስፕሬዩን ከሁለት ቀን በፊት ከሕንፃው አስወጣን። ካልወጣ ውጤቱ ከአፈር ይሁን ከመደርደሪያ አይለይም።

ፍሳሽ ማስወገጃውን ስንከፍተው ሲፎኑ ደርቋል። ሲፎን ውሃ የሚይዘው የፍሳሽ ጋዝ እንዳይወጣ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ክፍት ቧንቧ ማለት ነው። ፒአይዲው አፉ ላይ ወዲያው ተንቀሳቀሰ። አንድ ናሙና እንደ ደረቀ፣ ሌላ ናሙና ውሃ ከሞላንበትና ክፍሉ ከናፈሰ በኋላ ወሰድን። የቢሮው ቁጥር በግማሽ ያህል ወረደ። አንድ ባልዲ ውሃ ያን ያህል ለወጠ። ቀሪው ግማሽ ግን በወለሉ በኩል ነው የሚመጣው፤ አሁንም ከመነሻ ገደቡ በላይ ነው።

ለምን ያን ያህል እንደሚገባ ለማወቅ ማይክሮ ማኖሜትር (ትንሽ የግፊት ልዩነት የሚለካ መሣሪያ) በፒኑ ላይ አሰርን። የመጸዳጃ ቤቱ አየር ማውጫ ፋን ሲበራ የክፍሉ ግፊት ከወለሉ ሥር በ3 ፓስካል ያህል ያንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ጋዝ ለመሳብ ግን ይበቃል። ንጹህ አየር የሚገባበት መስኮት እንዲከፈት አደረግን። ጊዜያዊ መፍትሔ ነው።

ፋኑ

ቋሚው መፍትሔ ራዶን ለሚባለው ጋዝ ከተሠራው ዘዴ የመጣ ነው። ወለሉ ይበሳል፣ ከሥሩ ጥቂት ጠጠርና አፈር ወጥቶ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፣ ፒቪሲ ቧንቧ ይገባል፣ ጣሪያ ላይ ያለ ፋን ይስባል። ከወለሉ ሥር ያለው ግፊት ከክፍሉ ካነሰ ጋዙ ወደ ላይ አይመጣም።

ቋሚውን ከመግጠማችን በፊት በጊዜያዊ ፋን ሞከርን። ፒኖቹ ለዚህም አገለገሉ፤ በየፒኑ ላይ ግፊት ለካን። በላውንደሪው ክፍል ሩቁ ጥግ ድረስ ከ1 ፓስካል በላይ መሳብ ታየ። ጠጠሩ ረዳን። ቢሮው ሥር ግን ማኖሜትሩ አልንቀሳቀስ አለ። በሁለቱ ክፍሎች መሃል የመሠረት ቢም አለ፤ ከሥር ጠጠሩን ለሁለት ከፍሎታል። ፋኑን አበረታን፤ አላለፈም። ስለዚህ ለቢሮው የራሱ መሳቢያ ተበሳለት፤ ሁለቱ ቧንቧዎች ጣሪያ ላይ ተገናኝተው በአንድ ፋን ይሳባሉ። ከየቧንቧው ላይ ፍሰት ማስተካከያ ቫልቭ አለ፤ ካልሆነ ጠጠሩ የላላበት ክፍል ሁሉንም ጉልበት ይወስደዋል። የወለሉ ስንጥቅ ታሽጓል። የፋኑ ጋዝ ማውጫ ከማንኛውም መስኮትና አየር ማስገቢያ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ከጣሪያ በላይ ይወጣል።

ፋኑ መሬቱን አያጸዳም። ፒሲኢው እዚያው አለ። የሚያደርገው በሰውና በብክለቱ መሃል መቆም ነው፤ ስለዚህ መጥፋት የለበትም። ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ፈሳሽ ዩ ቱቦ ገጠምን። የፈሳሹ ሁለት ጫፍ እኩል ከሆነ ፋኑ ቆሟል ማለት ነው። ቢሮው ውስጥ ያለችው ገንዘብ ያዥ ሥራ ስትገባ እያየች ትመዘግባለች። ራሷ ናት የጠየቀችው።

ፋኑ ከተገጠመ በኋላ የተወሰደው የቤት ውስጥ አየር በሁለቱም ክፍሎች ከገደቡ በታች ወርዷል። አንድ ንባብ አይበቃም። የአየር ጠባይ ሲለወጥ፣ በተለይ ቅዝቃዜ በርና መስኮት ሲያዘጋ፣ እንደገና ይለካል። ፒኖቹን ለዚህ አልነቀልናቸውም።

አሁን የቀረው ፍሳሽ መስመሩ ነው። ካሜራ ገብቶ የሚያፈሱት መገጣጠሚያዎች ይታያሉ፣ ከዚያ ቧንቧው ይቀየር ወይም ከውስጥ ይለበድ የሚለው ይወሰናል። ከመስመሩ ዙሪያ ያለው አፈር ምን ያህል ጥልቀት ድረስ እንደተነካ ለማወቅም ሁለት ጥልቅ ነጥቦች ይጨመራሉ፤ አንዱ መታጠፊያው ጋ፣ ሌላው ማንሆሉ ሳይደርስ። ሸክላው አስቸጋሪ ስለሆነ በዚህ ጊዜ በአሸዋው በኩል እንወርዳለን።